የማዕዘኑ ሱቅ ሁለት ፊርማዎች

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

ተሰጠኝ! የማዕዘኑ ሱቅ ለእኔ ተሰጠኝ!

ከቢሮ እስከ ቤት በእግሬ መጣሁ። አውቶቡስ ብሳፈር ብቻዬን ስስቅ ሰው ይታዘበኝ ነበር። እማዬ በር ስትከፍትልኝ ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ "ወይ ጠጥተሻል፣ ወይ አግኝተሻል" አለችኝ።

"አግኝቻለሁ!" ብዬ አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ።

ያገኘሁት ሱቅ መሆኑን ስነግራት ክንዷ ላላ። "እኔ ደግሞ ሰው መስሎኝ" ብላ ወደ ማዕድ ቤቷ ተመለሰች።

ዘጠኝ ዓመት ደላላ ነኝ። የቢሮ ካርዴ ላይ "የንግድ ቤቶች ኪራይ ባለሙያ" ይላል፤ እማዬ ደላላ ትላለች፤ እውነቱም እሱ ነው። በዘጠኝ ዓመት ያከራየሁት ጫማ መጠገኛ፣ ፀጉር ቤት፣ አንድ ጊዜም የሬሳ ሣጥን መሸጫ ነው። ጎዳናው ላይ ግን አንድም በር ከፍቼ አላውቅም። ጎዳናው፣ በቃ ጎዳናው ነው፤ ሌላውን መንገድ ነው ሰው በስም የሚጠራው። አንድ ሙሉ መስኮት ውስጥ አንዲት ጫማ ብቻዋን የምትቀመጥበት፣ ጓደኛዋ እንኳ የማትታይበት መንገድ! ዋጋ አይለጠፍም። ዋጋ የጠየቀ ሰው መግዛት የማይችል ሰው ነው።

የማዕዘኑ ሱቅ ደግሞ የጎዳናው ዐይን ነው። በሁለት በኩል መስኮት አለው። አርባ ዓመት የጨርቅ መደብር ነበር፤ ነጋዴው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ዓመት ከመንፈቅ ባዶውን ቆሟል። አሁን አንድ ትልቅ የሽቶ ኩባንያ ዋና መደብሩን እዚያ ሊከፍት ፈልጓል፤ የአሥር ዓመት ውል! እስከ ኅዳር 30 ካልተፈረመ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል።

አለቃዬ ፋይሉን ሲሰጠኝ ዐይኔን አላየኝም። "ሦስት ሰው ሞክሮ ትቶታል" አለ። "ባለቤቶቹ ወንድምና እህት ናቸው። ከወላጆቻቸው የወረሱት ሕንጻ ነው፤ ሁለቱም ከሱቁ በላይ ይኖራሉ። የሁለቱም ፊርማ ያስፈልጋል።"

"ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?"

"አሥራ አንድ ዓመት አልተነጋገሩም።"

አሥራ አንድ ዓመት! አንድ ደረጃ እየወጡ እየወረዱ!

ምን አገባኝ፣ ተሰጠኝ።

ጥቅምት 6፣ ረቡዕ

ሁለቱንም አየኋቸው።

እህትዬዋ ሁለተኛ ፎቅ ናቸው። የታችኛዋ እትዬ ልበላቸው። ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም ናቸው፤ ሰው ሲያወራ ዐይኑን ሳይሆን አፉን ነው የሚያዩት። ስለ ወንድማቸው ስጠይቃቸው፣ "ወንድም? ወንድም የለኝም። አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ድንጋይ አለ። ገና አልሞተም እንዴ?" አሉኝ።

ወደ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። የላይኛው ጋሼ ጡረታ የወጡ የባቡር ነጂ ናቸው። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ሸሚዛቸው እስከ አንገት የተቆለፈ። ገና ሳልቀመጥ፣ "እርሳቸው ምን አሉ?" አሉኝ። እርሳቸው! የገዛ ታናሽ እህታቸውን!

ምን ልበል? አፌ ቀደመኝ።

"ጤናዎን ጠይቀዋል።"

ገና አልሞተም ወይ ማለት የጤና ጥያቄ አይደለም እንዴ? እኔ ምንም አልዋሸሁም።   ጋሼ በመስኮቱ ወደ ታች እያዩ፣ "የእርሳቸውስ ጉልበት እንዴት ነው?" አሉኝ።

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወረድኩ። ሦስት ሰው ያልቻለውን በአንድ ቀን!

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ

የኩባንያው ወኪል ሱቁን ልታይ መጣች። ስልክ ከጆሮዋ የማይለይ ሴት ናት፤ "ቆንጆ" የምትለውም "አይሆንም" የምትለውም በአንድ ድምፅ ነው። በሩ ይስፋ አለች፣ ወለሉ ይቀየር አለች፣ የኩባንያው ስም በመብራት ይጻፍ አለች። እኔ ሁሉንም እጽፋለሁ።

አብሯት የኩባንያው አርክቴክት መጥቷል። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ እማዬ ይህን ደብተር ካገኘችው አልቆልኛል። ባለሜትሩ ልበለው። "የሜትሩን ጫፍ ይያዙልኝ?" አለኝ። ያዝኩለት። የትልቁ መስኮት ወርድ አራት ሜትር ከዐሥራ ስምንት። ግራ እጁ ላይ የቀለም እድፍ አለ፤ ሲያስብ ያፏጫል። ይህን የምጽፈው ለሥራ ነው። ደንበኛን በዝርዝር ማወቅ ጥሩ ነው።

ጥቅምት 15፣ ዓርብ

መስኮቱን ደግመን ለካን። አራት ከዐሥራ ስምንት። ልዩነት የለውም። ጥንቃቄ ጥሩ ነው አለ። እውነቱን ነው።

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ

ቀኑን ሙሉ ደረጃ ስወጣ ስወርድ ዋልኩ። እግሬ የእኔ አይመስለኝም፤ ግን እንዴት ደስ ይላል! የዛሬውን ብቻ ልጻፍ፣ እንዳይምታታብኝ።

የታችኛዋ እትዬ ያሉት፦ "እግሩን ሲጎትት እዚህ ድረስ ይሰማኛል። ምናለ ምንጣፍ ቢያነጥፍ፣ ደንቆሮ!" ያደረስኩት፦ አካሄድዎ አሳስቧቸዋል።

የላይኛው ጋሼ ያሉት፦ "የሽቶ ሱቅ ይከፈትና ቀኑን ሙሉ ታስነጥስ።" ያደረስኩት፦ ሽታው እንዳይረብሽዎ ፈርተዋል። (ይኸንን እትዬ ወደዱት። በውሉ ላይ፣ ሽታ ወደ ደረጃው እንዳይወጣ የሚል አንቀጽ ይጨመር አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ውሉ ተናገሩ!)

የላይኛው ጋሼ፣ ልወጣ ስል፣ በሩ ላይ፦ "ሐሙስ ለት መብራቷ ሳይበራ ቀረ። ደህና ናት?" ይኸንን ሳልነካ አደረስኩት።

ናት አሉ እኮ። እርሳቸው ቀረ!

ጥቅምት 27፣ ረቡዕ

ቢሮ ውስጥ አንድ ባልደረባ አለን፤ የሰው ፋይል ሊበስል ሲል ከየት መጣ ሳይባል ስለሚደርስ ፈጥኖ ደራሽ ብለነዋል። ዛሬ መተላለፊያው ላይ ለአለቃችን "እሷ እኮ ሽማግሌዎቹ ቤት ሻይ ስትጠጣ ነው የምትውለው" ሲለው ሰማሁት። አለቃዬ ጠራኝ። "ወር ነው የቀረው። ፊርማ እንጂ ጨዋታ አላልኩሽም።"

ሻይ መጠጣቴ እውነት ነው። የታችኛዋ ብስኩት ያቀርባሉ፣ ከዚያ ጥርሴን ያያሉ።

መስኮቱን ለካን። አራት ከዐሥራ ስምንት። ማታ ላይ እማዬ፣ "ለባዶ ሱቅ ነው አዲሱን ጫማ የምታደርጊው?" አለችኝ። ጎዳናው ላይ በአሮጌ ጫማ አይኬድማ! ለሥራ ነው አልኳት። ሳቀች። ምን እንዳሳቃት አልገባኝም።

ኅዳር 4፣ ረቡዕ

ምን ነካኝ? ምላሴን በቆረጠልኝ።

በረድ በረድ ስላለ እትዬ ማሞቂያውን አቅርበው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ረቂቅ ውሉን እስከ መጨረሻው ገጽ አነበቡ። ስክሪብቶ አነሱ።  ከዚያ አስቀመጡት።

"እናታችን ስትሞት እሱ አልነበረም" አሉ፤ ያለ ምንም መግቢያ። "በሦስተኛው ቀን፣ ከተቀበረች በኋላ፣ ሻንጣውን ይዞ በር ላይ ቆመ። ቤቱ በሰው ተሞልቷል። እኔ ደክሞኛል፤ ብቻዬን አስታምሜ፣ ብቻዬን ቀብሬ። 'ለእንግዳው ወንበር አምጡለት' አልኩ። ሰው ሁሉ ሰማ። አልተቀመጠም። ሻንጣውን እንደያዘ ወደ ላይ ወጣ። ይኸው።"

ብስኩቴን ሳህኑ ላይ መለስኩት።

"አንድ ቀን" አሉ፣ "አንዲት ቀን እንኳ ዘገየሁ፣ ይቅር በይኝ ቢለኝ፣ እኔ ደግሞ ያንን ቃል እመልሰው ነበር።"

እኔም፣ "ብለዋል እኮ" አልኩ።

መነጽራቸውን አወለቁ። "መቼ?"

"ባለፈው ሳምንት።"

"ምን ብሎ?"

"ዘግይቼባታለሁ፣ ይቅር ትበለኝ ብለው።"

እትዬ አላለቀሱም። መነጽራቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ደግመው ጠረጉ፤ ንጹሕ ሆኖ ሳለ አሁንም ጠረጉ። "እስቲ ዛሬ ብቻዬን ተዪኝ፣ ልጄ" አሉኝ።

እስከ ዛሬ ያደረግሁት ማለሳለስ ነው። ይሄ ግን ፈጠራ ነው። ግን ደግሞ የሚጠቅም ፈጠራ ነው። ግን ደግሞ ጋሼ በልባቸው ይህን ሳያስቡ አይቀሩም። ግን ደግሞ እኔ የእሳቸውን ልብ በምን አውቄ?

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

አልደወሉም። እራት ላይ ነን። እማዬ፣ "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" አለች፤ ስለ ሌላ ነገር ነበር፣ ስለ ጎረቤታችን። እኔ ግን ሹካው ከእጄ ወደቀ።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

እትዬ ደወሉ! "እፈርማለሁ" አሉ!

አለቃዬ በሰው ፊት ጨበጠኝ። ፈጥኖ ደራሽ ፊቱ ሲጠቁር አየሁት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ሐሙስ አብረውኝ ወደ ላይ ወጥተው፣ በወንድማቸው ፊት ሊፈርሙ ነው። ለጋሼ አስቀድሜ ልንገራቸው? ነገ። ወይም ከነገ ወዲያ። ምን ብዬ?

ለባለሜትሩ ስነግረው ሜትሩን አየር ላይ ወርውሮ ቀለበው። "ጀግና ነሽ!" አለኝ። ነሽ! ከዚያ ደንግጦ "ማለቴ፣ ኖት" አለ። ምንም አይደለም አልኩት። ቤት እስክደርስ "ነሽ" "ነሽ" እያልኩ መጣሁ። መንገድ ላይ አንዲት ሴትዮ "ምን አልሽኝ?" አለችኝ።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ጉድ ፈላ።

ለጋሼ አልነገርኳቸውም። ሦስት ቀን ነበረኝ፣ ሦስቱንም ቀን ነገ አልኩ።

እትዬ ያንን ጉልበት ይዘው ሁለት ፎቅ ወጡ። በየደረጃው እያረፉ። እኔ ውሉን ታቅፌ ከኋላ። ፀጉራቸውን ተሠርተዋል፣ አንጀቴን በሉት። አንኳኩ። ጋሼ ከፈቱ። አሥራ አንድ ዓመት በር ላይ ተፋጠጠ።

"ይቅር ብዬሃለሁ" አሉ እትዬ።

ጋሼ ፊታቸው በራ፤ ምላሳቸው ግን ቀደመ። "ለምኑ?"

"ይቅርታ ጠይቀኸኝ የለ?"

"እኔ? ይቅርታ? በሰው ፊት እንግዳ ተብዬ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ?"

ሁለቱም ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ተስማሙ፤ ያ ነገር እኔ ነበርኩ።

እትዬ ግድግዳውን ይዘው ብቻቸውን ወረዱ። ልደግፋቸው ስል እጄን መለሱት።

ኅዳር 13፣ ዓርብ

ሁለቱም ለየብቻ ለአለቃዬ ደውለዋል። ፋይሉ ለፈጥኖ ደራሽ ተሰጠ። ሲወስደው አልቀለደም። ቢቀልድ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

ባለሜትሩ ደወለ። መስኮቱን እንደገና መለካት ያስፈልጋል አለ። ፋይሉ የእኔ እንዳልሆነ ነገርኩት።

"አውቃለሁ" አለኝ።

"ታዲያ ባልደረባዬን ይዘህ ለካ።"

"እሱ ጫፉን ሲይዝ ይንቀጠቀጥበታል።" ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩ። "እሺ። መስኮቱ የመጀመሪያውም ቀን ትክክል ነበር። እኔ እኮ አርክቴክት ነኝ፤ አንድ መስኮት አራት ጊዜ አልለካም።"

ወጥተን ጎዳናውን ከዳር እስከ ዳር ሄድን፣ ተመለስን፣ ደግመን ሄድን። ሁሉንም ነገርኩት፤ የዋሸሁትን፣ የጨመርኩትን፣ የቀነስኩትን። አጽናንቶኝ ቢሆን ኖሮ እዚያው እተወው ነበር። እሱ ግን፣ "ለእነሱስ ነገርሻቸው?" አለኝ።

"ምን ብዬ?"

"እንደነገርሽኝ አድርገሽ።"

የሱቆቹ ዘበኞች በእጅ ጓንታቸው በር ሲከፍቱልን አንገባም። አንዱ በሦስተኛው ዙር ሳቀብን። እንዲህ ተዋርጄ ልቤ እንዲህ መዝለሉ ያሳፍራል። ልቤ ግን ይዘላል፤ ምን ላድርገው?

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ

ለሥራ አልሄድኩም። ይኸንን ደብተር ይዤ ሄድኩ።

የታችኛዋን በር አንኳኳሁ፤ አልተከፈተም። የላይኛውንም፤ አልተከፈተም። መሐል ላይ፣ ሦስተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩና ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።  "ጥቅምት 20። እትዬ ያሉት፣ እኔ ያደረስኩት" እያልኩ፣ ሁሉንም እንደ ወረደ። ስድቡ ላይ ስደርስ ዐይኔን ጨፍኜ አነበብኩት። "ምናለ ምንጣፍ ቢያነጥፍ፣ ደንቆሮ" ስል ከላይ በር ተከፈተ። "ታስነጥስ" ስል ከታች ተከፈተ።

"እናንተ ያላላችሁትን ብያለሁ" አልኩ። "ይቅርታውንም ከራሴ ነው ያመጣሁት። ውሉን ፈልጌ ነው። በኋላ ደግሞ ውሉን ብቻ ፈልጌ አይደለም። የመብራቱን ነገር ግን ጋሼ ራሳቸው ናቸው ያሉት፤ አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም።"

ደብተሩን ዘጋሁ። ልነሳ ስል የጋሼ ድምፅ ከላይ መጣ፤ ለእኔ አልነበረም።

"ወንዙ ድልድዩን ይዞት ሄዶ ነበር።"

ከታች የእትዬ በር ይበልጥ ተከፈተ።

"ሦስት መቶ መንገደኛ ይዤ፣ ከፊት ድልድይ የለ፣ ከኋላ ሐዲዱ ውኃ ውስጥ። ሞቷን በሬዲዮ ነው የነገሩኝ። ነጂ ባቡሩን ጥሎ አይሄድም። ሁለት ቀን እዚያው ቆምኩ፣ ለሕፃናቱ ውኃ እያደልኩ።"

"ለምን አልነገርከኝም?" የእትዬ ድምፅ ቀጥኗል።

"እንግዳ ምን ይናገራል?"

እኔ መሐል ላይ ነኝ። ውኃ በቧንቧው ሲወርድ እንኳ ይሰማል።

"ቃሌን መልሼዋለሁ" አሉ እትዬ። "ሰምተሃል? መልሼዋለሁ። አሁን ና ውረድ፤ እኔ ጉልበቴ አንዴ ወጥቷል፣ ይበቃዋል።"

ጋሼ ወረዱ። አጠገቤ ሲያልፉ እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ አሳረፉ፤ ለምርቃት ይሁን ለመደገፍ አላውቅም። እግራቸውን እውነትም ይጎትታሉ። በሩ ከኋላቸው ተዘጋ። በሩ ላይ ጆሮዬን ልለጥፍ ምንም አልቀረኝም። አልለጠፍኩም። ወረድኩ።

ኅዳር 25፣ ረቡዕ

እማዬ "ማን ነው?" አለችኝ። አርክቴክት ነው አልኳት። "ስለ ሙያው ማን ጠየቀሽ" አለች። እሑድ ይመጣል። እማዬ መጋረጃ እያጠበች ነው።

ኅዳር 30፣ ሰኞ

ጠዋት አለቃዬ ደወለ። ድምፁ እንግዳ ነበር። "ሽማግሌዎቹ ያቺ ውሸታም ካልመጣች አንፈርምም ብለዋል። በአምላክ፣ ፈጠን በይ!"

በረርኩ። ባዶው ሱቅ መሐል አንድ ጠረጴዛ ቆሟል። ወኪሏ ሰዓቷን ታያለች፤ ከቀትር በኋላ አውሮፕላን አላት። ፈጥኖ ደራሽ ላብ በላብ ሆኗል። ባለሜትሩ በሩ አጠገብ ቆሟል። ጋሼና እትዬ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ውሉ ፊታቸው ነው፤ የሽታው አንቀጽም፣ የስሙ መብራት ማታ ይጥፋ የሚለው የጋሼ አንቀጽም ገብቷል። ሁሉም ያለቀ መሰለኝ።

"ፈርሚ" አሉ ጋሼ።

"አንተ ታላቅ ነህ፣ ቅደም" አሉ እትዬ።

"የቤቱን ችግር የቻልሽው አንቺ ነሽ። ቅደሚ።"

"ታላቅ እያለ እኔ አልቀድምም።"

"እኔም አልነካም።"

ስክሪብቶው ከጋሼ ወደ እትዬ፣ ከእትዬ ወደ ጋሼ ይገፋል። አሥራ አንድ ዓመት ለመነጋገር እንቢ ያሉ ሰዎች አሁን ለመቅደም እንቢ አሉ! ድምፅ ከፍ አለ። እትዬ ክንዳቸውን አጣመሩ። ወኪሏ "ይህ ቆንጆ ነው" አለች፤ ወይም "አይሆንም"፣ አልለየሁትም። ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ፤ "ንገሪያት!" እትዬም ዞሩ፤ "አንቺ ንገሪው እንጂ!"

አፌ ሊከፈት ነበር። ሁለት የሚያምር ቃል፣ ለጋሼ አንድ ለእትዬ አንድ፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበሩ። ሰዓቱ እየሄደ ነው። ፈጥኖ ደራሽ በዐይኑ ይለምነኛል።

"ጋሼ፣ እትዬ፣ እኔ የሰው ቃል መሸከም ትቻለሁ" አልኩ። "ሁለታችሁም እዚሁ ተቀምጣችኋል፤ ራሳችሁ ተነጋገሩ።" ወጥቼ በሩን ዘጋሁ።

ውጭ ብርድ ነበር። ባለሜትሩ ተከትሎኝ ወጣ። በትልቁ መስኮት አሻግረን አየን፤ መስታወቱ ወፍራም ነው፣ አንዲት ድምፅ አያሳልፍም። ጋሼ በእጃቸው ሩቅ የሆነ ነገር ያሳያሉ። እትዬ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እትዬ አንድ ነገር ተናገሩ፤ አጭር ነገር። ጋሼ አቀረቀሩ፤ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ እያለቀሱ መስሎኝ በሩን ልይዝ ስል ቀና አሉ፤ ይስቃሉ፤ በዚያ ዕድሜ ጥርሳቸው ሁሉ እየታየ ይስቃሉ፤ እትዬም ጠረጴዛውን በመዳፋቸው እየመቱ። ወኪሏ ስልኳን ከጆሮዋ አውርዳለች። መንገደኞች ቆመው ማየት ጀመሩ፤ ጎዳናው ላይ እንዲህ ያለ ነገር በመስኮት ታይቶ አያውቅም።

ከዚያ ሁለቱም ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አሉ፤ ጀርባቸው ጋረደን።

ፈጥኖ ደራሽ ውሉን እያውለበለበ ወጣ። ሁለት ፊርማ፣ ጎን ለጎን፣ ቀለሙ ያልደረቀ። ዝም ብሎ አቀፈኝ። ሲያቅፈኝ የመጀመሪያው ነው።

ማን እንደቀደመ አላውቅም። እትዬ ምን ብለው እንዳሳቋቸውም አላውቅም። ማንም መጥቶ "ምን አለች? ምን አለ?" ብሎ አልጠየቀኝም። እኔም አልጠየቅሁም። እጄ በርዶ ነበር፤ ባለሜትሩ ያዘው፤ እዚያው ቆመን በመስታወቱ አየናቸው። ገና ያወራሉ።